ዶሜይኑ በማን ስም ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰላም ናችሁ? በዚህ ዙር ከመጡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ "ዌብሳይት ልከፍት ነው፣ ምን ስም ልግዛ፣ በምን ላሰራው" የሚሉ ስለሆኑ (ስሙ ዶሜይን የሚባለው የዌብሳይቱ አድራሻ ነው) ሌላውን (የስልክ ባትሪ፣ የላፕቶፕ መጋል ምናምን) ለሚቀጥለው አሳድሬዋለሁ። ስማችሁን ያላወጣሁት ራሳችሁ ስላላችሁኝ ነው፣ ረጃጅሞቹን ደብዳቤዎችም አሳጥሬያቸዋለሁ፣ አትቀየሙኝ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ገርጂ አካባቢ አነስተኛ የባልትና ሱቅ አለችኝ፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ቅመማ ቅመም እሸጣለሁ። ደንበኞቼ በብዛት በቴሌግራም ነው የሚያዙኝ፣ አሜሪካና ዱባይ ላሉ ዘመዶቻቸው የሚልኩም ብዙ ናቸው። ዌብሳይት ላሰራ ብል ልጄ ዶት ኮም ግዢ ይለኛል፣ ጎረቤቴ ደግሞ አገርሽ ላይ ሆነሽ ዶት ኢቲ ነው የሚያምርብሽ ትላለች። ማንን ልስማ? የሱቁን ስምስ በእንግሊዝኛ ፊደል እንዴት ላስጽፈው?
ባለ ባልትና፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እናቴ፣ ልጅዎን ይስሙ፣ ጎረቤትዎንም አያስቀይሟት፣ አቅም ካለ ሁለቱም ይገዛሉ። አንድ ብቻ ከሆነ ግን ዶት ኮም ይሻላል፣ ምክንያቱም ከደንበኞችዎ ቀላል የማይባለው ሸቀጡን የሚጠብቀው ውጭ ሆኖ ነው፣ ውጭ ያለ ሰው ደሞ የሱቅ ስም ሰምቶ ሲጽፍ እጁ ሳያስበው ዶት ኮም ላይ ነው የሚሄደው፣ "ዶት ኮም ዶት ኢቲ" ብለው ሲነግሩት "ዶት ምን?" ይልዎታል። ዶት ኢቲም የራሱ ጥቅም አለው። የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ስለሆነ በብር ነው ሚከፈለው፣ ንግድ ፈቃድዎን ይዘው መጠየቅ ነው፣ በተለይ ከመስሪያ ቤትና ከድርጅት ጋር ለሚሰራ ሰው ክብደት ይሰጣል። ዶት ኮምን ከውጭ ሻጭ ለመግዛት ግን የዶላር ካርድ ያስፈልጋል፣ አገር ቤት ላለ ሰው ዋናው ራስ ምታት እሱ ነው። ደግነቱ አሁን እዚሁ አዲስ አበባ ያሉ ሆስቲንግ (ዌብሳይቱ የሚቀመጥበትን ቦታ) ሻጮች ዶት ኮምን በብር ይሸጣሉ፣ ትንሽ ቢወደድም ይገላግላል።

ዋጋ ላይ አንድ ነገር ልበል። ዶት ኮምን በሙሉ የሚያስተዳድረው ቬሪሳይን የሚባል የአሜሪካ ድርጅት ነው፣ በፈረንጆቹ ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ ከሻጮቹ ለእያንዳንዱ ስም በዓመት 10 ዶላር ከ26 ሴንት ነው ሚወስደው። እና "ዶት ኮም በ1 ዶላር" የሚል ማስታወቂያ ካዩ ሻጩ እስከመጨረሻው ሊከስርልዎት እንዳይመስልዎት፣ በሁለተኛው ዓመት ሪኒው ሲደረግ (ሲታደስ) ነው ጉዱ የሚመጣው። ልጅዎ ሲገዛ የመጀመሪያውን ዓመት ዋጋ ይለፈውና የሪኒዋሉን ይይ።

አሁን ወደ ስሙ። የላኩልኝን ስም እዚህ አላወጣውም፣ ግን በ"ጸ" ይጀምራል፣ መሃሉ ላይ "ቀ" አለው፣ "ሽ" ላይ ነው የሚያልቀው። "ጸ"ን አንዱ በቲና በኤስ ይጽፈዋል፣ ሌላው በቲና በዜድ፣ ሌላው ኤስ ብቻ። "ቀ"ን ግማሹ ሰው በኪው ግማሹ በኬ። "ሽ" ላይ ደሞ መጨረሻው ላይ አይ የሚጨምር አለ የማይጨምር አለ። ቁጭ ብዬ ሳሰላው አንድ ስም 12 ቦታ ወጣ። እና ልጅዎን እንዲህ ይበሉት፣ ለጓደኞቹ ስልክ እየደወለ ስሙን በአፉ ብቻ ይንገራቸው፣ እንዴት እንደሚጻፍ ትንፍሽ ሳይል፣ እነሱ በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈው ቴክስት ያድርጉለት። ብዙ ሰው የጻፈው ስፔሊንግ ነው የእርስዎ ዶሜይን የሚሆነው፣ የቋንቋ ሰው ትክክል የሚለው ሌላ ቢሆንም እንኳ። በሁለተኛነት የወጣውንም ገዝቶ ወደ ዋናው ሪዳይሬክት ያድርገው፣ እሱን የጻፈ ሰው ዋናው ላይ እንዲያርፍ። ሰረዝና ቁጥር አያስገባበት፣ በስልክ ሲናገሩት ያስቸግራል። "ኢትዮ"ና "ሃበሻ" የሚሉትን ከፊት መለጠፍም እኔ በበኩሌ አልወደውም፣ ከስንቱ ሱቅ ጋር ይምታታል፣ ስሙ ተይዞ ካገኛችሁት ግን "ባልትና" የሚለውን ከኋላ መጨመር ይቻላል።

ሌላው፣ ስሙ ንግድ ፈቃድ ላይ ስላለ የእርስዎ ብቻ ነው ማለት አይደለም። የንግድ ስም ሌላ የንግድ ምልክት ሌላ ነው፣ ምልክቱ የሚመዘገበው አእምሯዊ ንብረት ባለስልጣን ጋ ነው፣ ማሸጊያው ላይ ስምዎን አትመው ውጭ የሚልኩ ከሆነ ይሄን ቢያስቡበት ጥሩ ነው፣ ከዌብሳይቱም በፊት ባይ አይበዛብኝም።

ለመጀመሪያ አንድ ገጽ ይበቃዎታል፣ የሚሸጡት ከነዋጋው፣ ስልክ፣ ካርታ፣ ቴሌግራም ላይ የሚወስድ ቁልፍ፣ በቃ። ቴሌግራሙን እንዳይዘጉት፣ ገበያው እዛ ነው።

ጥያቄ፦ ባህር ዳር ትንሽ ገስት ሃውስ አለኝ። የዛሬ 3 ዓመት አንድ ልጅ ዌብሳይት ሰርቶልኝ ነበር፣ ዶሜይኑንም ሆስቲንጉንም ብሩን ሰጥቼው የገዛው እሱ ነው። አሁን ስልኬን ቀይሬ ዌብሳይቱ ላይ ያለው አሮጌው ቁጥር ነው፣ እንግዳ እየደወለ አያገኘኝም፣ ልጁ ደሞ መልስ መመለስ ካቆመ ቆየ። ቀኑ አልፎ ስሙን ሌላ ሰው ቢወስደውስ?
ባለ ገስት ሃውሱ፣ ከባህር ዳር

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመጡት ሁሉ ያንገበገበኝ ያንተ ጥያቄ ነው፣ ምክንያቱም እንዳንተ የሚጽፍልኝ ብዙ ነው። ቤት ስትገዛ ግድግዳው ምን ቀለም እንደተቀባ ሳይሆን መጀመሪያ የምታጣራው ካርታው በማን ስም እንደሆነ ነው አይደል፣ ዶሜይንም እንደዛው ነው፣ አንተ ብሩን ከፍለሃል ካርታው ግን በልጁ ስም ነው የወጣው። ልጁ ሌባ ነው እያልኩ አይደለም። ብዙ ዴቨሎፐር ተንኮል የለውም፣ የሚሰራ የዶላር ካርድ ያለው እሱ ስለሆነ የደንበኞቹን ሁሉ ዶሜይን በራሱ አንድ አካውንት ውስጥ ይገዛዋል፣ ከዛ ስራ ይቀይራል ወይ አገር ይለቃል፣ ካርዱ ኤክስፓየር ያደርጋል፣ ኢሜይሉን ማየት ያቆማል፣ ጉድ የሚሆነው ባለ ገስት ሃውሱ ነው።

አሁን ዛሬውኑ የምታደርገው፣ አይካን የሚባለው ዶሜይንን በዓለም ደረጃ የሚያስተባብረው ድርጅት ነጻ መፈለጊያ ገጽ አለው፣ "አይካን ሉክአፕ" ብለህ ጎግል አድርገውና ስምህን አስገባ (ይሄ ለዶት ኮምና ለመሳሰሉት ነው፣ ያንተው ዶት ኮም ስለሆነ ይሰራል)። የባለቤቱን ስም ላታይ ትችላለህ፣ ከ2018 የአውሮፓ የግል መረጃ ህግ በኋላ አብዛኛው ሻጭ ይደብቀዋል፣ ግን አንተን የሚጠቅሙህ ሁለት ነገሮች ይታያሉ፣ የተገዛው ከየትኛው ሻጭ እንደሆነና የሚያልቅበት ቀን። ያንን ቀን ካወቅክ ግማሹ ጭንቀት ይቀንሳል።

ቀኑ ቢያልፍም በነጋታው አይወሰድም። አብዛኛው ሻጭ ለተወሰኑ ሳምንታት በመደበኛው ዋጋ ያስቀምጠዋል (እስከ 45 ቀን ነው የሚፈቀድለት፣ ሁሉም ያን ያህል ግን አይጠብቅም)፣ ከዛ 30 ቀን በቅጣት የሚመለስበት ጊዜ አለ፣ ቅጣቱ ከዶሜይኑ ዋጋ ብዙ እጥፍ ነው፣ ከዛ 5 ቀን ማንም የማይነካው ሆኖ ይቆይና ለገበያ ይለቀቃል። ግን እዚህ ድረስ ዌብሳይቱ እንደማይሰራ እወቅ፣ እና ጥሩ ስም ከሆነ አንዳንዱ ሻጭ ሳይለቀው በፊት በጨረታ ያወጣዋል።

ልጁን ስታገኘው (በሊንክድኢንም በጓደኛም በቤተሰብም ፈልገው) "ዌብሳይቴን መልስልኝ" ብለህ አትጀምር፣ እሱ ምን እንደሚያደርግ ግራ ይገባዋል ወይ ይናደዳል። ለይተህ ጠይቀው። አንተ እዛው ሻጭ ጋ በራስህ ኢሜይል ነጻ አካውንት ክፈት፣ ከዛ "ዶሜይኑን ወደዚህ አካውንት አዛውርልኝ" በለው፣ ከሻጩ ሳይወጣ ከአካውንት ወደ አካውንት ማዛወር የደቂቃ ስራ ነው። ሻጭ መቀየር ከፈለግክ ብቻ ነው ሎኩን (መቆለፊያውን) አንስቶ የማዘዋወሪያ ኮዱን እንዲልክልህ የምትጠይቀው፣ እሱ እስከ 5 ቀን ይፈጃል። አንዲት ጉድጓድ አለች እዚህ ጋ፣ አንዳንድ ሻጮች የባለቤቱ ስም ከተቀየረ ዶሜይኑን 60 ቀን ይቆልፉታል፣ ስለዚህ ሻጭ የምትቀይር ከሆነ ቅድሚያ ማዘዋወሩ ይለቅ፣ ስም የማስተካከሉ ነገር ከዛ በኋላ ይደርሳል።

እምቢ ቢልስ? በዓለም ደረጃ የዶሜይን ክርክር የሚታይበት ስርዓት አለ፣ ከ1999 ጀምሮ ይሰራል፣ ግን የንግድ ምልክት መብት እንዳለህ ማሳየት አለብህ፣ የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት ጋ ብቻውን በሚፈርድ አንድ ዳኛ ለማስታየት 1500 ዶላር ነው። ለገስት ሃውስ የሚያዋጣ አይመስለኝም። ያኔ አዲስ ስም ገዝተህ ጎግል ማፕ ላይ፣ ቡኪንግ ላይ፣ ፌስቡክ ላይ፣ ቢዝነስ ካርድህ ላይ ያለውን አድራሻ በአንድ ቀን መቀየር ይሻላል። የድሮው ጽሑፍና ፎቶ እንዳይጠፋብህ ዌይባክ ማሽን ላይ አድራሻህን አስገብተህ እይ፣ የብዙ ዌብሳይት አሮጌ ገጽ እዛ ተቀምጦ ይገኛል፣ ኮፒ ማድረግ ነው። እስከዛው ግን ጎግል ማፕ ላይ ያለውን ስልክ ዛሬ አስተካክለው፣ እንግዳ ከዌብሳይቱ ይልቅ እሱን ነው ቀድሞ የሚያየው፣ እና ለሱ የማንም ፈቃድ አያስፈልግህም።

ገና ልታሰሩ ያላችሁ ሰዎች ደሞ ይሄንን ስሙኝ። አካውንቱን ራሳችሁ ክፈቱት፣ በራሳችሁ ኢሜይል፣ በራሳችሁ ስልክ፣ ከዛ ለዴቨሎፐሩ መግቢያ ፍቀዱለት። ካርድ ከሌላችሁ ዲሲ ያለው የአጎት ልጅ በካርዱ ይክፈልላችሁ ችግር የለውም፣ አካውንቱ ግን በእሱ ኢሜይል አይከፈት። አካውንቱን የምትከፍቱበት ኢሜይል ደሞ በዛው በምትገዙት ዶሜይን ላይ ያለው ኢሜይል እንዳይሆን፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሰናከለው፣ ዶሜይኑ ሲያልቅ ኢሜይሉም አብሮ ይሞትና ፓስወርድ ልቀይር ስትሉ ኮዱ የሚላከው ወደ ሞተው ኢሜይል ይሆናል። ጂሜል ተጠቀሙ። በገዛችሁ ማግስት "ኢሜይልህን አረጋግጥ" የሚል መልእክት ይመጣል፣ እሱን ችላ ካላችሁት ከ15 ቀን በኋላ ዌብሳይቱ ሊዘጋ ይችላል፣ ማጭበርበሪያ መስሏቸው የሚያጠፉት አሉ፣ ስለዚህ ሻጩ ገጽ ላይ ራሳችሁ ገብታችሁ ማየት ነው።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ ለሰርግና ለልደት ምግብ እሰራለሁ፣ ካተሪንግ ማለት ነው። ዊክስ ይሻላል ስኩዌርስፔስ? የእህቴ ልጅ ደሞ ሁለቱንም ተዪ ዎርድፕረስ ነው ይላል፣ እሱ ኮምፒውተር ነው የተማረው። እኔ ስልክ እንጂ ኮምፒውተር ብዙም አልነካም።
እህታችሁ፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ እህቴ፣ የእህትሽ ልጅ ለራሱ ትክክል ነው ላንቺ አይደለም። ዎርድፕረስ ከ2003 ጀምሮ ያለ ነጻ ሶፍትዌር ነው፣ ከዓለም ዌብሳይት ከ40 ፐርሰንት በላይ የሚሰራው በሱ ነው፣ ሆስቲንጉ ርካሽ ነው፣ ነቅለሽ ሌላ ቦታ መትከል ትችያለሽ፣ ግን አፕዴት ይፈልጋል፣ ፕላግኢን (ተጨማሪ መገልገያ) ይፈልጋል፣ አፕዴቱ ከቆመ ሃከር ይገባበታል፣ እና ልጁ የፋይናል ፈተና ሰሞን ወይ አዲስ ስራ ሲጀምር ሜኑሽን ማን ነው የሚቀይረው? (ዎርድፕረስ ዶት ኮም የሚባል የሚከፈልበት አገልግሎትም አለ፣ እሱ ሆስቲንጉንም አፕዴቱንም ራሱ ይይዛል፣ ስሙ አንድ ስለሆነ ሰው ያምታታዋል።)

ላንቺ ዊክስ ወይም ስኩዌርስፔስ ነው። ስኩዌርስፔስ እንደውም የተጀመረው እዛው ሰፈራችሁ ነው፣ በ2003 ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ። የስኩዌርስፔስ ቴምፕሌቶች ለምግብ ፎቶ ያምራሉ፣ ብዙ ማበላሸት አይቻልም፣ ለማይነካካ ሰው ጥሩ ነው። ዊክስ ሁሉንም ነገር እንደፈለግሽ እንድታንቀሳቅሺ ይፈቅድልሻል፣ ያ ነጻነት ራሱ ነው ችግሩም፣ ኮምፒውተር ላይ አምሮ ስልክ ላይ ጽሑፉ ፎቶው ላይ የወጣ ዌብሳይት በብዛት አያለሁ። ሁለቱም በዓመት ስትከፍይ በወር ከ15 ዶላር ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የሚጀምሩት። ካርድ የምትቀበዪው በስኩዌር ማሽን ከሆነ ደሞ (ከስኩዌርስፔስ ጋር ስሙ ነው እንጂ ሌላ ድርጅት ነው) የራሱ የዌብሳይት መስሪያ አለው፣ በ2018 ዊብሊን ገዝቶ ነው የሰራው፣ በነጻ የሚጀመር ፕላን ስላለው መጀመሪያ እሱን እዪው።

እንዴት ትምረጪ? በነጻ ሙከራው ሁለቱንም ክፈቺና በስልክሽ፣ ኮምፒውተር ሳትነኪ፣ የአንድ ምግብ ዋጋ ቀይሪ፣ አንድ ፎቶ ጨምሪ፣ ከዛ አስቀምጪ። የልጁን እርዳታ ሳትጠሪ የጨረስሽበት ያንቺ ነው። የዶሮ ወጥ ፎቶ እንዴት ያምራል፣ ድራግ ኤንድ ድሮፕ ምናምን የሚሉትን ማስታወቂያ እርሺው።

አማርኛ ሜኑ ካለሽ እባክሽ በፖስተር አታውጪው። ብዙ የሃበሻ ምግብ ቤት ሜኑውን ካንቫ ላይ ሰርቶ እንደ ፎቶ ይለጥፈዋል፣ ስልክ ላይ አይነበብም፣ ጎግል ላይ "ካተሪንግ" ብሎ የሚፈልግ ሰውም በቀላሉ አያገኝሽም። ጽሑፉን ጻፊው፣ ፊደሉ አልታይ ወይ አስቀያሚ ካለ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባል ነጻ ፎንት አለ።

ዶሜይኑን ግን ከዌብሳይት መስሪያው ለብቻ ግዢው። "የመጀመሪያው ዓመት ዶሜይን በነጻ" ይሉሻል፣ መጥፎ አይደለም፣ ግን ዊክስ ላይ የሰራሽውን ዌብሳይት እንዳለ አውጥተሽ ሌላ ጋ መውሰድ አይቻልም፣ አንድ ቀን መስሪያውን ብትቀይሪ ገጹን እንደ አዲስ ነው የምትሰሪው፣ ያኔ ቢያንስ ስሙ እጅሽ ላይ ካለ ደንበኛ ምንም አያውቅም። ሻጮችም ራሳቸው ይሸጣሉ፣ ጎግል ዶሜይን ይሸጥ የነበረበትን ስራ በ2023 ለስኩዌርስፔስ ሸጦት ከጎግል ገዝተው የነበሩ ሰዎች ስማቸውን ስኩዌርስፔስ ላይ ነው ያገኙት።

ጥያቄ፦ የድርጅቴ ዶሜይን ሊያልቅ ነው፣ 289 ዶላር ክፈል የሚል ወረቀት በፖስታ ወደ ቤቴ መጣ። የመንግስት ይመስላል። ልክፈል?
ባለ ትራክ፣ ከዳላስ

መልስ፦ እንዳትከፍል! ከታች በትንንሽ ጽሑፍ "ይህ ቢል አይደለም" የሚል ታገኛለህ፣ ቆይ አጉልተህ እየው። አድራሻህን ከህዝብ መዝገብ ላይ አግኝተው ነው የሚልኩት፣ ብትከፍል ወይ ዶሜይንህን በውድ ዋጋ ወደነሱ ያዛውሩታል ወይ ምንም የማይሰራ "ሰርች ኢንጂን ምዝገባ" ይሸጡልሃል። የዶሜይን ክፍያ ስም የገዛህበት አካውንት ውስጥ ራስህ ገብተህ እንጂ በወረቀት አይከፈልም። ስምህ ዶት ዩኤስ ከሆነ ደሞ አድራሻህን መደበቅ ስለማይፈቀድ እንዲህ ዓይነት ፖስታ ገና ይበዛብሃል።

ጥያቄ፦ ዶሜይን በአማርኛ ፊደል መግዛት አይቻልም እንዴ? ለምን ሁሌ በላቲን?
አንባቢ፣ ከሃዋሳ

መልስ፦ ይቻላል፣ አንዳንድ ሻጭ ጋ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ስም ከዶት ኮም ጋር ይገዛል። ግን ዋና አድራሻህ አታድርገው። ኮምፒውተሮቹ ውስጥ ለውስጥ በኤክስ ኤን የሚጀምር ዝብርቅርቅ ወዳለ የላቲን ኮድ ነው የሚቀይሩት፣ ሊንኩን አንዳንድ ቦታ ላይ ስትልከው ያ ኮድ ይወጣና ሰው ቫይረስ መስሎት አይነካውም። ጻፊውም መሃል ላይ ኪቦርድ ቀይሮ ዶት ኮም ማለት አለበት። ከሁሉ የሚከፋው "ሀ"ና "ሐ"ና "ኀ"፣ "ሰ"ና "ሠ"፣ "አ"ና "ዐ" ለኮምፒውተር ለየቅል መሆናቸው ነው፣ አንተ በንጉሡ "ሠ" ገዝተህ ደንበኛህ በእሳቱ "ሰ" ከጻፈ ሌላ ቦታ ነው የሚሄደው፣ ሌላ ሰውም ያንን ሊገዛው ይችላል። ለፍቅር ብለህ ገዝተህ ወደ ዋናው ሪዳይሬክት ብታደርገው ግን አልቃወምህም።

ጥያቄ፦ የቆዳ ቦርሳ በእጄ እየሰራሁ በቲክቶክ እሸጣለሁ። ሾፒፋይ ልከፍት አስቤ ነበር፣ ሰው ዌብሳይቱ ላይ በቴሌብር እንዲከፍለኝ እፈልጋለሁ። ይሆናል?
ቦርሳ ሰሪዋ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ሾፒፋይ እንደ ሱቅ ምርጥ ነው፣ ግን ራሱ ክፍያ የሚቀበልበት አገልግሎት ኢትዮጵያ ውስጥ የለም፣ ስትራይፕ የሚባለው የውጭ የክፍያ ድርጅትም ኢትዮጵያ ውስጥ ለተመዘገበ ንግድ አካውንት አይከፍትም፣ እና በወር በዶላር እየከፈልሽ ዋናው ቁልፍ የማይሰራ ሱቅ ይዘሽ ትቀሪያለሽ። ዱባይ ወይ አሜሪካ የተመዘገበ ድርጅት ያለው ሰው ሌላ ነገር ነው።

እዚህ አገር የሚያስኬደው መንገድ ዎርድፕረስ ላይ ዉኮሜርስ የሚባለውን የሱቅ ፕላግኢን ጭኖ እንደ ቻፓ ካሉ የአገር ውስጥ የክፍያ ድርጅቶች ጋር ማገናኘት ነው፣ ቻፓ ለዉኮሜርስ የተሰራ ፕላግኢን አለው፣ ደንበኛው በቴሌብርም በባንክም ይከፍላል። ንግድ ፈቃድና ቲን ቁጥር ስለሚጠይቁሽ እሱን አስቀድሚ። ለካተሪንጓ እህታችን ዎርድፕረስን ተዪ ብዬ ላንቺ እሱን ማለቴ አይግረምሽ፣ ምክንያቱ ክፍያው ነው፣ እና አንዴ የሚያዘጋጅልሽ ሰው ያስፈልግሻል፣ አፕዴቱን በየወሩ የሚያይልሽ ደሞ በስምምነት አስቀምጪ።

ግን የምርሽን ከሆነ፣ ቦርሳዎቹ በእጅ የሚሰሩና ቁጥራቸው ትንሽ ከሆነ ለመጀመሪያው ዓመት ኦንላይን ክፍያ ላያስፈልግሽ ይችላል። ሰው ቦርሳ ሲገዛ ቀለሙን ይጠይቃል፣ ማሰሪያው ይረዝማል ወይ ይላል፣ ይከራከራል፣ ከዛ ነው የሚከፍለው፣ ያ ንግግር ደሞ የሚያልቀው ቴሌግራም ላይ ነው። ቆንጆ ፎቶ ያላት አንድ ገጽ፣ "እዘዝ" የሚል ቁልፍ ቀጥታ ወደ ቴሌግራምሽ የሚወስድ፣ ክፍያው እዛው በቴሌብር። ፎቶዎቹን ከስልክሽ እንደወጡ አትጫኚያቸው፣ እያንዳንዱ 4 እና 5 ሜጋባይት ነው፣ ሰው በካርድ በሞላው ዳታ እስኪከፈት አይጠብቅሽም፣ አሳንሰሽ ከ200 ኪሎባይት በታች አድርሺያቸው።

ጥያቄ፦ ፍራንክፈርት ሹሩባ እሰራለሁ፣ ዌብሳይቴ ተሰርቶ ሊያልቅ ነው። ጓደኛዬ ኢምፕረሱም ከሌለሽ ትቀጫለሽ አለችኝ፣ እውነት ነው?
ሹሩባ ሰሪዋ፣ ከጀርመን

መልስ፦ እውነቷን ነው። ጀርመን ውስጥ ለንግድ የሚሆን ዌብሳይት ሙሉ ስምሽን፣ አድራሻሽንና በቶሎ የምትገኚበትን ኢሜይል የሚያሳይ ኢምፕረሱም የሚባል ገጽ ሊኖረው ይገባል፣ ፖስታ ሳጥን ብቻ አይሆንም። ከኢንተርኔት ኮፒ የምታደርጊ ከሆነ ቴሌሜዲየንጌዜትስ የሚባለውን ህግ የሚጠቅስ አሮጌ ናሙና አትውሰጂ፣ ከሜይ 2024 ጀምሮ በዲጂታለ ዲንስተ ጌዜትስ ተተክቷል። ሌላም አለ፣ ለአማርኛው ጽሑፍ ጎግል ፎንትስ የምትጠቀሚ ከሆነ ፎንቱን አውርደሽ ራስሽ ዌብሳይት ላይ ጫኚው እንጂ ከጎግል ሰርቨር እንዲመጣ አታድርጊ፣ የሙኒክ ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2022 የጎብኚውን አይፒ አድራሻ (የኢንተርኔት ቁጥሩን) ያለፈቃዱ ለጎግል አስተላልፏል ብሎ አንዱን ባለ ዌብሳይት 100 ዩሮ አስከፍሎታል፣ ከዛ በኋላ በሱ ሰበብ የክፍያ ደብዳቤ የሚልክ ሰው በዝቶ ነበር።

ጥያቄ፦ ገንዘብ ሳላወጣ በነጻ ዶሜይን ወይ በነጻ ዌብሳይት ብጀምርስ?
ጀማሪ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ለመለማመድ ጀምር፣ ማስታወቂያ ላይና መኪና ላይ ግን እንዳታስጽፈው። ጎግል ለንግዶች በነጻ ይሰጠው የነበረው ዌብሳይት ነበር፣ ብዙ ትንንሽ ሱቅ እሱን ይዞ ነበር፣ በማርች 2024 ዘጋው፣ ለጥቂት ወር ወደ ማፕ ገጹ እየመራ ቆየና እሱም ቀረ። ዶት ቲኬ ምናምን እያለ በነጻ ሲያድል የነበረው ፍሪኖምም በ2023 አዲስ መመዝገብ አቁሞ ከስራው ወጥቷል። ብር እስክትይዝ ጎግል ማፕ ላይ ንግድህን አስመዝግብ፣ ፎቶና የስራ ሰዓት ሙላበት፣ እሱ ነጻ ነው፣ ከብዙ የተከፈለበት ዌብሳይትም የበለጠ ደንበኛ ያመጣል።

ጥያቄ፦ ዶሜይን ገዛሁ፣ አሁን ኢንፎ አት ብሎ የሚጀምር ኢሜይል የግድ ነው ወይስ ጂሜሌ ይበቃኛል?
አካውንታንቱ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ለሱቅ ጂሜል ይበቃል። አንተ ግን የሰው ሂሳብና የግብር ወረቀት ነው የምትቀበለው፣ ስለዚህ በዶሜይንህ ይሁን። ጎግል ዎርክስፔስ ለአንድ ሰው በወር 7 ዶላር አካባቢ ነው፣ ዞሆ ሜይል ርካሽ ነው፣ ለመቀበል ብቻ ከሆነ አንዳንድ ሻጭ በዶሜይንህ የመጣውን ወደ ጂሜልህ በነጻ ያስተላልፍልሃል። የምትልክም ከሆነ ኤስፒኤፍና ዲኪም የሚባሉትን፣ ደብዳቤው የእውነት ካንተ እንደመጣ የሚያረጋግጡትን ሁለት ነገሮች ሻጩ ጋ ያለው የዲኤንኤስ (የዶሜይኑ ማስተካከያ) ገጽ ላይ ማስገባትህን አትርሳ፣ ከ2024 ወዲህ ጂሜል በዚህ ጉዳይ ጠበቅ ብሏል፣ እነሱ ከሌሉ የላክኸው ደብዳቤ ስፓም ውስጥ ገብቶ ደንበኛህ "አልደረሰኝም" እያለህ ሰኔ 30 ያልፋል።